ሃምሳ ስምንት ከሦስት

አባቴ በዕድሜው ስንት መስታወት እንደቆረጠ አላውቅም፤ በእኔ ንባብ የቆረጠው ግን አንድም የለም። በአክስቴ ልጅ ንባብ የቆረጠውን ቁጠር ብትሉኝ አልዘልቀውም። ይህን ሳነሳ ሚስቴ «አንተ ሰውዬ፣ በዘጠኝ ዓመትህ የሆነውን ዛሬም ታመነዥካለህ?» ትለኛለች። አዎ፣ አመነዥካለሁ። ሌላ የማመነዥከው ምን አለኝ?

ሱቃችን የቤታችን የመንገድ ዳር ክፍል ነበረች። መሃሏ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ የተነጠፈበት ሰፊ ጠረጴዛ፣ በግድግዳው ዙሪያ ተደግፈው የቆሙ መስታወቶች፣ ጥግ ላይ ስብርባሪ የሚጣልበት በርሜል። ነጭ ጋዝ ይሸታል። አባዬ የመቁረጫውን ጫፍ ነጭ ጋዙ ውስጥ ነከር ያደርግና በአንድ ትንፋሽ ከላይ እስከ ታች ይስበዋል። ደህና የተቆረጠ መስታወት ድምፁ ጨርቅ ሲቀደድ ይመስላል። ከዚያ ከሥሩ በእጀታው ኳ ኳ ኳ፣ በሁለት እጁ ያዝ፣ ጠቅ። ለሁለት ይከፈላል። ስንቴም ባየው አይሰለቸኝም ነበር። ትንፋሼን ይዤ ነው የማየው።

ከመቁረጥ በፊት ግን መለካት አለ። ማስመሪያችን አንድ ሜትር የሚሆን የብረት ማስመሪያ ነበር፤ አባዬ ሥራውን ካስተማሩት ሽማግሌ ያገኘው ነው። ከማርጀቱ የተነሳ ጫፉ ተበልቷል። ዜሮ የሚባለው መስመር የለም፤ ከዜሮ ቀጥለው ያሉት ጥቂት ሚሊሜትሮችም ተፍቀው ጠፍተዋል። ስለዚህ በእኛ ሱቅ ከዜሮ ጀምሮ የሚለካ የለም። አንድ ቁጥርን ጠርዙ ላይ ታስቀምጣለህ፣ ታነባለህ፣ መጨረሻ ላይ አንዱን ትመልሳለህ። ሠላሳ ስድስት ካነበብክ ሠላሳ አምስት ነው ማለት ነው። መመለስ የረሳ ሰው መስታወቱ አንድ ሙሉ ሳንቲሜትር ይሰፋበታል። በሱቃችን ስህተት ማለት ይህ ብቻ ነበር። አንድ ሳንቲሜትር ደግሞ ምንም ማለት አይደለም፤ ጠረጴዛው ላይ መልሶ ያወጣውና ትርፉን ይቆርጠዋል።

የአክስቴ ልጅ እኛ ጋ ሆና እንድትማር መጣች። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጫማዋን አውልቃ እንኳ አስተካክላ ጎን ለጎን የምታስቀምጥ ልጅ ናት። በመጣች በሁለተኛው ሳምንት አባዬ «ሚሊ» ብሎ ስም አወጣላት፤ ሚሊሜትር ስለማይስታት። እኔ ስም አልወጣልኝም። እኔ «ልጁ» ነበርኩ። ልጁ በሩን ይዝጋ፣ ልጁ ከመስታወቱ ይራቅ፣ ልጁ አፉን ይያዝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አናጢው የሥዕል ፍሬም ይዞ መጣ። አባዬ ማስመሪያውን ፍሬሙ ላይ አጋደመና ቀና ብሎ ቆመ።

«ስንት ይላል ሚሊ?»

እሷ አንድ ዓይኗን ጨፍና ከአናቱ ጎንበስ አለች። «ሠላሳ አምስት ከሰባት።»

«መለስሽ?»

«ስመልሰው ሠላሳ አራት ከሰባት ነው አጎቴ።»

«ጎሽ የእኔ ልጅ!»

አናጢው ራሱን ነቀነቀ። «ወይ ጉድ! እቺን ልጅ ደህና አድርገህ ጠብቃት፤ ሰርቄ እወስድብሃለሁ።»

«ሞክራታ! በራስህ መዶሻ ነው የምሸኝህ።»

ተሳሳቁ። «የእኔ ልጅ» ያለው እሷን ነው። የእሱ ልጅ እዚህ ቆሜያለሁ።

«እኔም ማንበብ እችላለሁ» አልኩ።

«እስቲ ፈተና ይደረግ!» አለ አናጢው እጁን እያፋተገ።

ከጠረጴዛው ማዶ እንደቆምኩ አየሁና «ሠላሳ አምስት ተኩል!» አልኩ።

አባዬ ማስመሪያውን ዝቅ ብሎ አላየውም፤ ያኔ ይህን ልብ አላልኩም። ሚሊ ቀስ ብላ «ከጎን ሆነህ ነው ያየኸው» አለችኝ። «ከአናቱ ቁም። ዓይንህ በመስመሩ ላይ ቀጥ ብሎ ካልወረደ ይዋሽሃል።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

«እስቲ ሚሊ፣ ድገሚው» አለ አባዬ።

«ያው ነው አጎቴ። ከሰባት።»

በእሷ ቆረጠ። መስታወቱም ፍሬሙ ውስጥ ቁጭ አለ። አናጢው ሲወጣ ፀጉሬን አሻሸና «አይዞህ የእኔ ጌታ፣ ተኩልን ለዳቦ ተዋት» አለኝ። ሁለቱም ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ ለእኔ ግን ከሳቁት ይልቅ ያናደደችኝ እሷ ናት። ከዚያን ቀን በኋላ አባዬ አንድም ቀን «ስንት ይላል?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

ከትምህርት ቤት ስንመለስ እሷ ደብተሯን አስቀምጣ በቀጥታ ወደ ሱቅ ትገባለች። እኔን «ሂድ ተጫወት» ይሉኛል። ሜዳ ላይ ኳስ እየተጫወትኩ ዓይኔ ከሱቁ በር አይነቀልም። ሁለት ራሶች ማስመሪያው ላይ ተጎንብሰው ይታዩኛል፤ ኳሱ በእግሬ ሥር ያልፋል፤ ልጆቹ «አንተ ደንዛዛ!» ብለው ይጮሁብኛል። በዚያ በኩልም ሰው አልወጣኝም።

አንድ ማለዳ እናቴና አባቴ ሱቅ ውስጥ ሲያወሩ ከበሩ ኋላ ሆኜ ጆሮዬን አቆምኩ።

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትቀጥለው?» ትላለች እማዬ።

«ቀስ በይ። ያለ እሷ እኮ አንዲት መስታወት መቁረጥ አልችልም።»

«ለልጁስ?»

«እሱ እንዳይሰማ። በጭራሽ።»

እኔ የሰማሁት በቃ የሰማሁትን ነው። ያለ እሷ አይሆንለትም፤ እኔ መስማት የለብኝም። ሱቁን ለእሷ ሊያወርሳት ነው አልኩ። ማስመሪያውንም፣ ጠረጴዛውንም፣ አባዬንም።

በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው እማዬ ነገሩን ከሥሩ የነገረችኝ። አባዬ ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ነበር። መንገድ፣ ሰው፣ ግድግዳ ያያል፤ የማስመሪያው መስመሮች ግን አንድ ላይ ተደፍነው እንደ ጭስ ነበሩ። ደንበኛ ይህን ካወቀ ማን መስታወት ያስቆርጠዋል? ስለዚህ ልጅ እያስተማረ እንዳለ ሰው ሆኖ «ስንት ይላል?» ይላታል። መስመሩን ሳያይ፣ ማስመሪያው ላይ እሷ በጣቷ ያሳየችውን ቦታ በጥፍሩ ይዞ ነው የሚቆርጠው። ያኔ እኔ ተኩል ብዬ እሷ ከሰባት ስትል፣ ማንኛችን ልክ እንደሆንን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም ማለት ነው። ቢሆንም የእሷን መረጠ።

«ሚሊ ታውቅ ነበር?» አልኳት እማዬን።

«እሷማ እንዴት አታውቅም?»

«እኔስ?»

«አንተማ አፍህ አያርፍም ነበር ልጄ። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል።»

ይህ እውነት የሚያጽናና ይመስላችኋል? ከፍቅር ይልቅ እምነት ነው የተከለከልኩት። ፍቅር ማጣትንስ ሰው ይለምዳል።

ወደ ነገሩ ልመለስ። መንገዱ ማዶ መድኃኒት ቤት ሊከፈት ሆነ። ግድግዳውን ሁሉ የሚሸፍነውን ቁም ሣጥን አናጢው ሠራ፤ አሥራ ሁለቱን የመስታወት መደርደሪያ አባዬ ያዘ። ተራ የመስኮት መስታወት አልነበረም፤ ስድስት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ጎኑ እንደ ባሕር አረንጓዴ የሚል። አባዬ እንዲህ ያለ ሥራ አግኝቶ አያውቅም። እማዬ ሳህን እያጠበች ስታንጎራጉር የሰማኋት ያን ሳምንት ብቻ ነው።

ልኬት ልንወስድ ሦስታችን ሄድን። ቁም ሣጥኑ አዲስ እንጨት አዲስ እንጨት ይሸታል። አባዬ ማስመሪያውን ከፊት በኩል በሁለቱ ጎኖች ላይ አጋደመ፤ ሚሊ በርጩማ ላይ ወጥታ ዓይኗን ከመስመሩ አናት ላይ አሳረፈች። ለእኔ ደብተርና እርሳስ ሰጡኝ። «ልጁ ይጻፍ።»

«ሃምሳ ዘጠኝ ከሦስት። ስመልሰው ሃምሳ ስምንት ከሦስት።»

«ሁሉንም እዪ፤ አናጢ አይታመንም።»

አሥራ ሁለቱንም አየች። አናጢው ለአንድ ቀን ጨዋ ሆኖ ሁሉንም እኩል ሠርቷል። ጻፍኩ፦ 58.3፣ አሥራ ሁለት። አባዬ ደብተሩን ተቀብሎ እንኳ አላየውም፤ «ያዘው» አለኝ። እንዳልቆጠረኝ ነው የወሰድኩት። ለካ ቢያየውም አያነበውም ነበር።

ቤት ስንደርስ እሱ ትከሻዋን አቅፎ ገባ። «ዛሬ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» ሲላት ሰማሁ። እኔ ደብተሩን እንደያዝኩ ደጃፉ ላይ ቀረሁ።

ብዙ አላሰብኩም። ሦስትን ስምንት ማድረግ ቀላል ነው፤ በግራ በኩል ሁለት ትንንሽ ጭረት ይበቃዋል። እርሳሱን በምላሴ አረጠብኩና ጫርኳቸው። አንዴ ብትሳሳት፣ አንዴ ብቻ «ጎሽ» ሳይላት ቢቀር ነበር የፈለግኩት። አባዬ ተናዶ «ልጁ ይምጣ» ሲል፣ እኔ ከአናቱ ቆሜ ሳነብለት ታየኝ።

እኔ የማውቀው የሱቃችንን ስህተት፣ አንድ ሳንቲሜትሩን ብቻ ነበር። ወፍራም መስታወት አንድ ሳንቲሜትር ሲሰፋ ትርፉን ይቆርጡለታል። ጥቂት ሚሊሜትር ሲሰፋ ግን የሚይዙት ነገር የለም፤ ከጠርዙ ላይ ያን ያህል ልላጠው ያለ ሰው መስታወቱን ነው የሚያጣው።

በማግስቱ ሚሊ ደብተሩን ገለጠች። አባዬ መቁረጫውን ይዞ እየጠበቀ ነው።

«በይ።»

ጣቷን ቁጥሩ ላይ አድርጋ ቆየች። ቀና ብላ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ በመስኮቱ ወደ ሜዳው አየች፤ ልጆቹ ኳስ ጀምረዋል።

«ሃምሳ ስምንት ከስምንት» አለች።

«ከስምንት?»

«አዎ አጎቴ።»

«እንግዲያው ለመተንፈሻ ሁለት ሚሊ ቀንሰን ከስድስት።» መስታወት በእንጨት መሃል ሲገባ ትንሽ ክፍተት ይተውለታል፤ አለበለዚያ እንጨቱ ሲያብጥ ያፈነዳዋል። ማስመሪያውን እሷ ባሳየችው ቦታ ላይ ያዘና መቁረጫውን ሳበ። ጨርቅ የሚቀደድ ድምፅ። አሥራ ሁለት ጊዜ። እንደዚያ ቀን አሳምሮ ቆርጦ አያውቅም።

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አናጢው የመጀመሪያውን አነሳና ሊያስገባ ሞከረ። አልገባም። ሁለተኛውን አነሳ። አልገባም።

«መመለስ ረስታችሁ ነው?» አለ እየሳቀ።

«በስንት ነው የሰፋው?» አለ አባዬ።

«ቆይ... አይ፣ ሳንቲም አይሆንም። ሦስት ሚሊ ቢሆን ነው።»

የአባዬ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ሳንቲሜትር ቢሆን ይስቅ ነበር። መስታወቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ የእንጨቱን ጠርዝ ዳሰሰ፣ እንደገና መስታወቱን።

ባለ መድኃኒት ቤቱ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ መጣ። ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ እሱ ነው የባሰው። «ማነው የለካው?»

አናጢው ለመርዳት ብሎ «ልጅቷ ናት ጌታው፣ ሌላ ጊዜ ተሳስታ አታውቅም» አለ።

«ልጅቷ? በሕፃን ዓይን ነው እንዴ የምትሠራው?»

«እኔ ነኝ የለካሁት» አለ አባዬ። ማስመሪያውን ነጥቆ ቁም ሣጥኑ ላይ አጋደመ፤ ተንበረከከ፤ አፍንጫው ብረቱን እስኪነካ ተጠጋ። ቆየ። ትንፋሹ ብረቱን ጉም አለበሰው። በመጨረሻ «ሃምሳ ዘጠኝ ከስምንት» አለ። ሚሊ ጠዋት ካነበበችለት ላይ አንድ ጨምሮ ነው፤ አሁን ይገባኛል።

ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አየ። «ከሦስት ነው የሚለው።» ከዚያ ከኪሱ አንዲት የመድኃኒት ካርቶን አወጣና ሰጠው። «እስቲ ይህን አንብብልኝ።»

አባዬ ካርቶኑን ገለባበጠው። አንድ ጊዜ አራቀው፣ አንድ ጊዜ አቀረበው። አባቴን ማንበብ የማይችል መሃይም አድርጎ ሊያዋርደው ነው ብዬ ደሜ ፈላ። በመሃላቸው ገባሁና ጮህኩ፦

«አባዬ ማንበብ ያውቃል! ግን ሁልጊዜ ሚሊ ናት የምታነብለት!»

አናጢው መሬት መሬት አየ። ሰውዬው ካርቶኑን ከአባዬ እጅ ቀስ አድርጎ ወሰደና፣ ከቅድሙም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዓይንህን ከታየህ ስንት ጊዜህ ነው ወንድሜ?» አለው። እኔ ስድብ መስሎኝ ነበር።

አሥራ ሁለቱንም መስታወት ተሸክመን ተመለስን። አናጢው ክፉ ሰው አይደለም፤ ወሬ ግን ከእንጨት ይልቅ ይቀለዋል። በሳምንት ውስጥ ፍሬም ይዞ የሚመጣ ጠፋ። አባዬ ዓይኑን የታየው ዘግይቶ ነበር፤ አንደኛው ትንሽ ሲመለስለት ሌላኛው እንደተዳፈነ ቀረ። የጣውላ መጋዘን ጠባቂ ሆነ፤ ሱቋን ለልብስ ሰፊ አከራየናት። ሚሊን እናቷ መጥታ ወሰደቻት። ስትሄድ አልተሰናበትኳትም፤ ኳስ እየተጫወትኩ ነበር። በቃ፣ አባዬ ለእኔ ብቻ ቀረልኝ። ከሥራ ሲመለስ ጎኑ እቀመጣለሁ። የምናወራው ግን ጠፋን። ዓመት በዓመት ላይ ተደርቦ፣ እኔም ትምህርቱን ሰባተኛ ላይ አቁሜ፣ ሾፌር ሆኜ፣ አግብቼ እዚያው ጓሮ ውስጥ ክፍል ሠርቼ፣ የማልነግረውን ነገር ይዤ ከእሱ ጋር አረጀሁ። ልነግረው አስቤ የማላውቅ እንዳይመስላችሁ። ጫማዬን አስሬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ በሩ ድረስ ሄጄ የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው። ከሞተ ስድስት ዓመቱ።

ባለፈው ወር ሚሊ ወደምትኖርበት ከተማ ሲሚንቶ ጭኜ ሄድኩ። ካራገፍኩ በኋላ አጠያይቄ አገኘኋት። የአሉሚኒየም መስኮት የሚሠራ ትልቅ ቤት አላት፤ አራት ሠራተኛ ታዛለች፤ «እትዬ» ይሏታል። እኔን «ሾፌር» ነው የሚሉኝ፣ ያውም በደግ ቀን። ወንበር አቀረበችልኝ፤ ውሃ ቀዳችልኝ። ስለ ልጆች አወራን። ከዚያ የመስኮት መስታወት የሚቆርጠውን ወጣት እያየች በድንገት፣

«ያን ቁጥር እኮ አውቄ ነው ያነበብኩት» አለች።

«የቱን?»

«ከስምንት ያልኩትን። ከሦስት መሆኑን አልረሳሁትም ነበር።»

ብርጭቆው እጄ ላይ ቀረ።

«አንተ ኳስ ትጫወታለህ፤ እናትህ አጠገብህ ናት። እኔ ሱቅ ውስጥ ታጉሬ መስመር እቆጥራለሁ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው እኮ። ብሳሳት ወደ እማዬ ይመልሱኛል ብዬ አሰብኩ። መለሱኝም።»

«ለአባዬ...»

«ነግሬዋለሁ። ላገባ ሰሞን መጥቼ ነገርኩት። ተሳስቼ አይደለም፣ አውቄ ነው፣ ሱቅህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኩት። ግንባሬን ሳመኝና ‹የበደልኩሽ እኔ ነኝ፤ የሰው ልጅ አስጎንብሼ ዓይንሽን ስበላ› ብሎ አለቀሰ። ይቅርታ ተባባልን።»

አባቴ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

«ስለ እኔስ አላነሳም?»

«ስለ አንተ ምን ብሎ?»

«ሦስቱን ስምንት ያደረግሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ለሚስቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

«አውቃለሁ» አለች። «ጎኑ ላይ ያለው እርሳስ ገና እርጥብ ነበር የሚመስለው፤ ደመቅ ብሎ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም? ጥፋቱን ሁሉ ለምን ጠቅልለሽ ወሰድሽው?»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ወጣቱ መቁረጡን አቆመ። እሷ በእጇ «ቀጥል» አለችው። ወደ እኔ ዞራ ያየችኝ በንዴት አልነበረም፤ በንዴት ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«የእኔን ድርሻ ነገርኩት» አለች። «የአንተን አንተ ትነግረዋለህ ብዬ ተውኩት። ሃያ ስድስት ዓመት እኮ አንድ ግቢ ውስጥ አብራችሁ ኖራችኋል።»

ብርጭቆዬን አየሁ።

«ውሃው ሞቋል» አልኳት።

«ውይ፣ ይቅርታ» አለችና ሌላ ልታመጣልኝ ተነሳች።